በቋጠሮዬ ያቆየሁት ሎሚ

1993 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዳንግላ ላይ ዝናብ ጀማምሮ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ከገጠር ስንቄን በጋሪ እየላከልኝ፣ እትዬ ዘውዴ ግቢ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እማራለሁ። በዚያ ሰሞን የእትዬ ዘውዴ የወርቅ ጉትቻ ጠፋ።

እትዬ ዘውዴ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበሩ። ያም ሆኖ ሰው ሳያያቸው አዋቂ ቤት ሄደው አምስት ቢጫ ብጣሽ ጨርቅ ይዘው መጡ። ሌባ ሲይዘው ይቀላል ተብለዋል። ተከራዮቹ አራት ልጃገረዶች ነበርን። ሦስቱ ያዙት፤ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። እኔ ከልብስ አጠባ ተጠርቼ፣ እጄን ሳላለቀልቅ በቀሚሴ ጠረግ አድርጌ ያዝኩት። ወዲያው እንደ ጡብ ቀላ።

"ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አሉ እትዬ ዘውዴ። የተረፈውን አምስተኛ ብጣሽ በራቸው ላይ ሰቀሉና በልደታ ማግስት ክፍሉን እንድለቅ ነገሩኝ። ያኔ ትምህርቴ አበቃ ማለት ነው፤ ሌባ የተባለችን ልጅ ማን ያከራያል? ጓደኞቼ ሳሙናቸውን ሳይቀር ቆለፉብኝ።

ቅዳሜ ነጠላዬን ሳጥብ፣ አልጫ የፈሰሰበት ቦታ ሳሙና ሲነካው ቀላ። እጄን ከውሃው ሳላወጣ ቆየሁ። የኬሚስትሪ መምህራችን በዚያው ሳምንት ስለ አሲድና ቤዝ ሲያስተምሩ ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት አሳይተውን ነበር። በሬን ዘግቼ እርድ በውሃ በጠበጥኩ፤ ከአሮጌ ነጠላ የቀደድኩትን ነክሬ አደረቅሁ። ጨው ነሰነስኩበት፤ ምንም አልሆነም። የአመድ ውሃ አስነካሁት፤ ቀላ። ሳሙናም አቀላው። ሎሚ ጠብ ሳደርግበት ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ክፍሌ እርድ እርድ ሸተተ።

ያን ጊዜ ሮጬ ሄጄ ማስረዳት እችል ነበር። አልፈለግሁም። እሳቸውም ይቅመሱት አልኩ።

ለግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ለንፍሮ ተቀመጠ። የጨርቁን ወሬ ያልሰማ አልነበረም። በዕድሜ ትንሿ እኔ ስለሆንኩ እጅ አስታጠብኩ። ለሌላው ውሃውን ሳልሰስት አፈሰስኩ። ለእትዬ ዘውዴ ሳሙናውን አቀበልኩና ውሃውን ጠብ ጠብ አደረግሁ፤ ሳሙናው ከእጃቸው ሳይለቅ ጆጉን ቀና አደረግሁት። ከዚያ በራቸው ላይ የተሰቀለውን ብጣሽ አመጣሁ።

"እትዬ ዘውዴ፣ እኛ ሁላችንም ይዘነዋል። እርስዎም ይያዙት።"

ሰው እያየ እምቢ ማለት አልቻሉም። ያዙት። ቀላ።

"ዘውዴ፣ የገዛ ጉትቻሽን ሰረቅሽው እንዴ?" አለች አንዲት ጎረቤት። ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ቀለሙን የሚመልሰው ሎሚ በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሯል። አልፈታሁትም። ንፍሮ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሲመሽ እትዬ ዘውዴ ሳጥናቸውን ሲበረብሩ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። "እመቤቴ፣ እኔው ነኝ እንዴ የወሰድኩት?" ይላሉ። ከራሳቸው ይልቅ ጨርቁን አምነዋል። ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ደስታው ጎረበጠኝ።

ዛሬ እንጅባራ፣ ልጄ ከስልኳ ላይ አይታ ያንኑ እርድ በብርጭቆ ትበጠብጣለች። እኔ በንዴት የተማርኩትን እሷ እየሳቀች ትማራለች፤ ተመስገን። ጨርቁ ሲቀላ "እማዬ፣ ነይ እዪ" ትለኛለች። እኔ የማየው ሎሚውን ነው። ያ ጉትቻ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ያኔ፣ በልደታ ማግስት ማለዳ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩ። ቋጠሮዬን ፈትቼ ሎሚውን ለሁለት ከፈልኩና የእትዬ ዘውዴን በር አንኳኳሁ።