በስመኝ ላም ያላከክሁት

ይህንን ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ስንት ጊዜ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ጾም ሻርሁ፣ ሰው አማሁ ብዬ ተነስቻለሁ። ይችን ግን ውጫት ኖርሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ያደረግሁትም በእሷው እናት ላይ ነው። ጻፊ ልጄ፣ እኔን እያየሽ አትቁሚ።

ያን ቀን ጠዋት ኩበት ስጠፈጥፍ ነበር። እኛ ቤት ላም አልነበረም፤ እበቱን ከጎረቤቴ ከስመኝ በረት ለምኜ ነው ያመጣሁት። ቤት ውስጥ ልጄ ሚስቱን አንጓችን ይመታል። አልሰማሁም ልበላችሁ? ሰማሁ። ዱላው ሲያርፍ ሰማሁ። “እማማ! እማማ!” ስትል ሰማሁ። የወለደቻትን አይደለም የጠራች፣ እኔን ነው። እኔ ደግሞ እበቴን እጠፈጥፋለሁ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ይበርድላቸዋል እላለሁ።

እሱ ወደ እርሻው ሲወጣ ገባሁ። ደሙ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። እራሷን በመቀነቴ ጠፍሬ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ወጣሁ። መንገድ ላይ ምን አልኋት መሰላችሁ? አይዞሽ አላልኋትም። “ላም ወጋችኝ በይ፤ የስመኝ ላም” አልኋት። ልጄ እንዳይታሰር ነው። ስለ እሷ አልፈራሁም፣ ስለ እሱ ፈራሁ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት። ገና ስታያት የገባት መሰለኝ።

“እማማ፣ እርስዎ ደጅ ይቆዩኝ። እዚህ ታካሚ ብቻዋን ነው የምትታይ” አለችኝ።

“ምራቴ ናት እኮ! እኔ የማላውቀው ምን ገላ አላት?”

“ለሁሉም እንዲሁ ነው የምናደርግ፣ እማማ።” ደግሞ እጄን አየችና “እበት ነክቶዎታል። ቧንቧው ከደጅ ነው፣ ታጥበው ይምጡ” አለች።

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና “ይኸው፣ ካንቺ እጅ ጠራ” አልኋት። አልወጣሁም።

ነርሷ እኔን ትታ ወደ አንጓች ዞረች። “ምን ሆንሽ እህቴ?” ስትላት አንጓች አፏን ከፈተች። ከፍታ ነበር እኮ! እኔ ቀደምኋት። “ላም ወግታት ነው” አልሁ። ነርሷ አንገቷ ላይ የተጋደመውን የጣት ሰንበር አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ላም ጣት አላት? አልጮኸችብኝም። ቁስሉን ሰፋችላትና ካርድ ጽፋ በእጇ አስጨበጠቻት። “የሚመጣው ሐሙስ ነይ፤ ክሩን እኔ ራሴ ነኝ የማወጣልሽ። እማማን አታድክሚያቸው፣ ብቻሽን ነይ።”

ገባኝ። ፊደል ባልቆጥርም ይኸ ገባኝ። ሐሙስ ከሄደች ትናገራለች። ስለዚህ ረቡዕ ለት ምላጭ በሙቅ ውሃ አጥቤ ክሩን እኔው ቆርጬ አወጣሁላት። “አሁንማ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?” አልኋት። እጄን አልገፋችም። ካርዱን ብቻ ታይ ነበር። ካርዱንም ወሰድሁባት፣ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት።

ነርሷ እንዲያም ሆኖ አልተወቻትም። የጤና ኤክስቴንሽኗን ልጅ ደጃችን ድረስ ላከችልን። “አንጓች አለች?” ብትለኝ “ወፍጮ ሄዳለች” አልሁ። አንጓች ጓዳ ነበረች። አንቺን ታጠባ ነበር፣ ልጄ። ስዋሽ ትሰማኝ ነበር፤ እኔን ፈርታ አልወጣችም።

በሁለት ወሩ ደግሞ መታት። ያን ለት መኪና ለምነን ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ስንወስዳት መንገድ ላይ፣ አምበር ከተማ ስንደርስ ነፍሷ ወጣች። እራሷ እኔ ጭን ላይ ነበር።

ልጄ ታሰረ። የፈራሁት አልቀረልኝም። ሰው ሁሉ ገዳይ እሱን ይላል። እኔስ? እኔ ነኝ አፏን የዘጋሁ። እኔ ነኝ ክሩን ያወጣሁ። እኔ ነኝ ወፍጮ ሄዳለች ያልሁ። ሦስት ጊዜ በር ተከፈተላት፣ ሦስት ጊዜ እኔ ዘጋሁባት። አላወቅሁም ልበል? አውቄ ነው። እኔም በጊዜዬ ተመትቼ ነው ያረጀሁ ልበል? ይኸ ይብስብኛል፤ ዱላውን አውቀዋለሁና።

እናንተ ነጭ ጋዋን የምትለብሱ ልጆች፣ እንደኔ ያለች አሮጊት አብራ ከገባች አስወጧት። ብትሳደብም፣ ብታለቅስም፣ አስወጧት። ያች ነርስ የምትችለውን ሁሉ ሞከረች፤ እኔ በረታሁባት። እናንተ ላይ እንዳትበረታ።

አንቺንም ማሪኝ አልልሽ፣ ልጄ። የእናትሽን ምሕረት ካንቺ አልለምንም። አታልቅሺበት፣ ወረቀቱ ይበላሻል።

ከቀብሩ በኋላ ስመኝ መጣች። ላሟ ሰው ወጋች ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼባት ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም።

“አንቺ” አለችኝ፣ “ሰው ትወጋለች ብለሽ፣ ባንቺ ቃል ላሜን ሁለት ወር ሙሉ ከበረት ሳላወጣ አዋልኋት። አንቺ ልጅሽን አንድ ቀን ከለከልሽው?”