ድመት ያልፈራች አይጥ

አይጧ በጠራራ ፀሐይ ከውኃ ጋኑ ሥር ወጣች። ድመታችን ደጃፉ ላይ ተጋድማለች። ትሸሻለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ እያለች ሄዳ የድመቷን አፍንጫ አሸተተች። ድመቷ ራሷ ግራ ተጋብታ ጆሮዋን አጠፈች። ከዚያ ያዘቻት። አይጧ ሲጥ እንኳ አላለችም። የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

እናቴም አይታለች። ሱዳናዊ አግብታ፣ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ስንት ዘመን ኖራ፣ ሟርት ስትፈራ ግን ያው የጎንደር ሴት ናት።

«ኸላስ፣ በቃ! ይሄ ደግ አይደለም። ድመቷ ዛሬውኑ ትውጣ!»

አባቴ በጆንያ ከቶ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሩቅ ሰፈር ወስዶ ለቀቃት። እናቴ እፎይ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ደምሽ አንሷል ተብዬ ነበርና የበግ ጉበትና ጨጓራ በጥሬው ከትፋ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ነስንሳ በእጇ ታጎርሰኝ ጀመር። የአባቴ ወገኖች ማራራ፣ የእናቴ ወገኖች ጥሬ ዱለት ይሉታል። በሌላው ሁሉ ሲነታረኩ በዚህ ብቻ ይስማማሉ።

«ብይ ልጄ፣ ለፅንሱ ደም ይሆነዋል።»

ደግሞ ሲጣፍጥ! በኋላ አተኮሰኝ፤ አንገቴ ሥር ዕጢ አበጠ። ጉንፋን ነው ብለን ተውነው።

ልጄ ተወለደ፤ ያምራል። ነገር ግን ስጠራው ፊቴን አያይም፤ ከትከሻዬ በላይ የሆነ ነገር አተኩሮ ያያል፣ አንዳንዴም ይስቅለታል። ዞር ስል ባዶ ግድግዳ ነው። ከልጄ ጋር ብቻዬን መሆን ፈራሁ። እናት ልጇን ትፈራለች?

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ያለ ሐኪም ደሙን አስመርምሮ ዓይኑን አየ። ቶክሶፕላዝማ የሚሉት ጥገኛ ተውሳክ ነው አለን። ከድመት ዓይነ ምድርም፣ ከጥሬ ሥጋም ይገባል፤ አይጥ አንጎል ውስጥ ሲሰፍር ድመት መፍራቷን ያስረሳታል፤ ከነፍሰ ጡር ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የልጄ ዓይን ውስጥ ጠባሳ ትቷል። መድኃኒቱ የቀረውን ቢያተርፍ ነው እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አለኝ በዐረብኛ፤ «ድመት ነበረችሽ? ወይስ ጥሬ ሥጋ በልተሻል?»

እናቴ ልጁን ታቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። ዐረብኛ ከእኔ እኩል ትሰማለች።

«ድመት ነበረችን» አልኩ።

«በእጄ አጎረስኳት» አለች እናቴ በአማርኛ፣ ወለሉን እያየች።

ሐኪሙ ቀና አለ። «ምን አለች?»

«ይድናል ወይ ትላለች» አልኩት።