የአዴ ሩቂያ ጣት የታወቀበት ቀን

ጊንጆ፣ ጠዋት 1፡00

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቄን ዛሬ አልከፈትኩም። በሩ ላይ «ዛሬ የለሁም» የሚል ወረቀት ለጥፌ ወጣሁ። የምሄደው ከሰቃ አለፍ ብሎ ወዳለ የቡና መንደር ነው። አዴ ሩቂያ ክፍያ ሲቀበሉ አጠገባቸው እንድቆም ለምነውኛል፤ እሳቸው ለምነውኝ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።

ልጅ ሳለሁ አዴ ሩቂያ በቾ ቦሬ ሰፈር እኛ ግቢ ተከራይተው መጋዘን ውስጥ ቡና ይለቅሙ ነበር። እናቴ ገበያ ስትውል ምሳዬን የምበላው ከእሳቸው ትሪ ላይ ነበር። ኋላ ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመለሱ። ያለቻቸው ቡና ትንሽ ናት፤ እስክትደርስ ድረስ እህል የሚገዙት የገጠር የሥራ ፕሮጀክት በሚከፍላቸው ገንዘብ ነው። ሥራው እርከን ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ላይ መደርደር። ክፍያው ደግሞ በጣት አሻራ ነው። ባለፉት ሁለት ዙሮች ማሽኑ ጣታቸውን አላውቅም አለ፤ ድንጋዩ የጣታቸውን መስመር ልጦ ጨርሶታል። ገንዘቡም ጊዜው አለፈ ተብሎ ወደመጣበት ተመለሰ። «እጅዎን አሳርፈው ይምጡ፤ ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ ካለ ስምዎ ከዝርዝር ይወጣል» ተባሉ። ሦስተኛው ዛሬ ነው።

ከመናኸሪያ ወደ ሰቃ

በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ፣ ሃያ ብር። የሰቃው ሚኒባስ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ረዳቱ ስድሳ ብር ሲል አንዱ መንገደኛ ትናንት ሃምሳ ነበር ብሎ ተጨቃጨቀ፣ በመጨረሻ ሁላችንም ስድሳ ከፈልን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቡና ቅጠሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ ቀይ እስኪሆን ወራት ይቀሩታል። እነዚያ ወራት ናቸው አዴ ሩቂያን የሚያስጨንቋቸው።

አጠገቤ የተቀመጡት ቡና ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«መታወቂያ የላትም?» አሉኝ።

«አላቸው።»

«ካቦው አያውቃትም?»

«ጎረቤታቸው ነው።»

«ታዲያ የማያውቃት ማን ነው?»

«ማሽኑ» አልኳቸው። ሰውየው አስተግፊሩላህ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሰቃ ላይ ጨጨብሳ በማር በላሁ፣ መቶ ብር። ከዚያ በሞተር ሳይክል ሰማንያ ብር ከፍዬ ጭቃ ለጭቃ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ወርጄ ሞተሩን ገፍቻለሁ፤ የከፈልኩት ለመጫን ይሁን ለመግፋት እስካሁን አልገባኝም።

መንደሩ፣ 4፡30

ክፍያው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው። ሴቶቹ አውራ ጣታቸውን በቫዝሊን ያሻሉ፣ በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ፣ እፍ ይሉበታል። ከድንጋይ ጋር የከረመ እጅ ማሽኑ እሺ እንዲለው በአንድ ጠዋት መለስለስ ይለማመዳል።

«አካም ቡልቴ ልጄ» ብለው አዴ ሩቂያ አቀፉኝና ወዲያው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። «እይ እስቲ። የሙሽራ እጅ ሆኗል፣ ዋላሂ።»

እውነትም ቆዳው ሞልቷል፣ መስመሩ ጥርት ብሎ ወጥቷል። አንድ ወር ሙሉ ድንጋይ አልነኩም። እንዴት ሆኖላቸው ነው? በዚህ አገር ዳዶ የሚባል ደንብ አለ። ሴት ስትወልድ ወይም ሐዘን ላይ ስትቀመጥ ጎረቤቶቿ ተራ ገብተው ማሳዋን ይሠሩላታል፤ ሥራው የእሷ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል፣ ማንም የማን እጅ ነው ብሎ አይጠይቅም። አዴ ሩቂያ እጅ አሳርፉ ሲባሉ ጎረቤታቸው ሸምሲያና ሦስት ሌሎች ሴቶች ያንኑ አደረጉ። የየራሳቸውን ድርሻ ጨርሰው ከሰዓት በኋላ የእሳቸውን ድንጋይ ደረደሩ። ከዚያ በላይ ቀና ሥራ አላውቅም።

ተራቸው ደረሰ። ከፋዩ ወጣት «አውራ ጣትዎን፣ አዴ» አላቸው። ቀይ በራ። መስታወቱን በመሐረብ ጠረገና «ቀስ፣ አይጫኑት» አለ። ደግሞ ቀይ። በሦስተኛው አረንጓዴ በራና የአዴ ሩቂያ ፎቶ ብቅ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አብሬ እልል አልኩ፣ አላፍርም።

ወጣቱ ግን ስክሪኑን ወደራሱ አዞረና ደግሞ አነበበው።

«አዴ፣ ምንም የለዎትም እኮ።»

«ማል?» አሉ፣ ምን አልክ እንደማለት።

«ማሽኑ እርስዎን አውቋል። የሥራ ቀንዎ ግን ዜሮ ነው። ወሩን ሙሉ ቀሪ ይላል።»

ስም የሚይዘው ካቦ ነዚፍ ተጠርቶ መጣ። መዝገቡን ከፈተ፤ ከሩቂያ አባ ዱራ ስም ፊት ከዳር እስከ ዳር ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ ተብሎ ተጽፏል።

«ሥራው አልተሠራም?» አልኩት።

«ተሠርቷል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ አልዋሽም።»

«ታዲያ?»

«ቅጹ የሠራውን ሰው ስም ነው የሚለው። ሸምሲያ ሠርታ ሩቂያ ብዬ ብጽፍ አጭበረበርክ ተብዬ እታሰራለሁ።»

«እንግዲያው ለሸምሲያ ጻፍላት።»

«የሸምሲያ ቀን ተይዟላታል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ቀን መሥራት አይችልም» አለ፤ ሲናገር ግን ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

«እኛ ግን ሠርተናል» አለች ሸምሲያ በለሆሳስ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ጮህኩ፣ አዎ። እጃችሁን አሳርፉ ብሎ ያዘዘው ራሱ ፕሮጀክቱ ነው! ድንጋይ ቢሸከሙ ጣታቸው ይጠፋል፣ ጣታቸውን ቢያድኑ ቀናቸው ይጠፋል። ይህን ያወጣ ሰው በዕድሜው አንድ ድንጋይ አንስቶ ያውቃል? ወጣቱ «እኔ ከፋይ ብቻ ነኝ እህቴ» አለኝ። ካቦውም መዝጋቢ ብቻ ነው። ሁሉም ብቻ ብቻ ነው፤ አዴ ሩቂያ ናቸው ባዶ እጃቸውን የቆሙት።

ካቦ ነዚፍ ቀስ ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ። «አዴ፣ ወር ሙሉ የቀረ ሰው ስሙ ይሰረዛል። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ከገቡ ግን ስምዎን አቆየዋለሁ።»

«ጓንት አትሰጧቸውም?» አልኩት።

«አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር። በዚያ ድንጋይ ሳምንት አልቆየም።»

አዴ ሩቂያ መዳፋቸውን አንዴ አዩት። «ሀዬ፣ እሺ፣ እገባለሁ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ?

እርከኑ ላይ፣ 7፡00

ከመሄዴ በፊት አዴ ሩቂያ ዳገቱን ካልወጣሽ ብለው ይዘውኝ ወጡ። ሸምሲያም ተከተለችን። ወገቡ ላይ ሲደርሱ ቆሙና «ከዚህ ግንድ እስከዚያ ድረስ የኔ ነው» አሉኝ። እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ ውኃ ልኩ የተጠበቀ ቆንጆ እርከን ነው፤ የሌሊቱ ዝናብ ያወረደውን አፈር ይዞ ቆሟል። በመዝገቡ መሠረት ይህን እርከን ማንም አልሠራውም።

ጫፉ ላይ አንድ ድንጋይ ተንዶ ወድቆ ነበር። አዴ ሩቂያ ጎንበስ ብለው በባዶ እጃቸው አነሡት።

«ተዉት እንጂ!» አልኳቸው፤ እጃቸውን አስቤ።

«ከብት ገብቶ ይንደዋል፣ የነሸምሲያ ልፋት ነው» አሉና ቦታው አስገቡት።

አቤቱታ እንጽፋለን አልኳቸው። ያለፉት ሁለት ዙሮችም፣ ይህም ወር። አዴ ሩቂያ መጻፍ አይችሉም፣ በጣት ነው የሚፈርሙት። የማኅተም ቀለሜን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ እዚያው እርከኑ ላይ ባዶ ወረቀት ዘረጋሁላቸው። በሥራዬ ለሰው ሁሉ የምመክረው ባዶ ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ ነው። ግን ጽፌ እስክመለስ ስንት ቀን ይፈጃል? እሳቸው ነገ አንድ ሰዓት ላይ ድንጋይ ያነሣሉ።

«ምን እንደምጽፍ አይጠይቁኝም?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ግርጌ ላይ ተጫኑ።

ጊንጆ፣ 11፡30

በመጣሁበት መንገድ፣ በዚያው ዋጋ ተመለስኩ። ሱቄን ከፍቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ያ ማሽን የሚያውቀው ሥራ ያልነካውን እጅ ብቻ መሆኑን ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ የምጫን ሴት ብመዘገብ በመጀመሪያው ሙከራ አረንጓዴ ይበራልኝ ነበር።

አሻራው ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ አንድ መስመር አልጎደለውም። ከላይ ያለው ባዶ ነው። ወረቀቱን የጽሕፈት መኪናው ውስጥ አስገባሁና በመጀመሪያ የዛሬን ቀን ጻፍኩ። ከነገ ጀምሮ ይህ ጣት የአዴ ሩቂያ መሆኑን ማሽኑ አይመሰክርላቸውም።