የፒፓው ሆድ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብዙ ዕቃውን ለሰው ሰጥቻለሁ። ካፖርቱን ወንድሙ ወሰደው፤ ጫማው ለጎረቤታችን ልክ ሆነ። ፒፓዎቹን ግን የሚቀበለኝ አላገኘሁም። ካህኑ ያወግዛቸዋል፤ ወጣቱ ይስቅባቸዋል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ደርድሬ እነሱን እያየሁ ነው የምጽፈው። ሐይቁን ይጋርዱኛል። እሱም እዚያው ሲቀመጥ ይጋርደኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እሱ ከሐረር መጥቶ ባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቶርኖ ቤት ተቀጠረ። ብረትም እንጨትም እያሽከረከሩ መቅረጽ ነው ሥራው። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ጣና ዳር ካለ ደብር ነው ያደግሁት። የእኛ ቤተ ዘመድ ትምባሆን ከሰይጣን ለይቶ አያይም። ሳገባው አክስቴ «ያገባሽው ሰውየውን ነው ጭሱን?» ብላኛለች።

የመጀመሪያውን ፒፓ የተወለት ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መካኒክ ነው። ትምባሆ የሚጠቀጠቅበትን ጎድጓዳ እኛ ቤት «ሆድ» እንለው ነበር። የዚያኛው ሆድ ትንሽም ትልቅም አልነበረም፤ ደህና ፒፓ ነበር። ችግሩ ከፋብሪካው እንደ ወጣ ለኩሶ እስኪተኛ ድረስ ከአፉ አለማውጣቱ ነው።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ቀን የጥጥ ብናኝ፣ ማታ ጭስ፤ ደረቱ በምን ይቻለው? ሲስቅ እንኳ ሳሉ መሐል ላይ ያቋርጠው ጀመር። ሐኪሙ አዳምጦት «በዚህ ከቀጠልህ ይህ ደረት ሩቅ አያደርስህም» አለው። ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ነበር። ልጁን ሳያሳድግ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሐኪም የማይሰማ ሰው የሚሰማው የንስሐ አባቱን ብቻ ነው። የኛ የንስሐ አባት ከደሴት ገዳም በታንኳ ይመጡ ነበር። በዚያ ጊዜ ካህን በፋብሪካ ሠፈር በግላጭ አይመላለስም፤ እሳቸው ጸበሉን በዓሣ ቅርጫት ደብቀው ነው የሚገቡት። የሠፈሩ ካድሬ አንድ ቀን «ዓሣው ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «አልቋል ልጄ» ብለውታል።

«አባ፣ ይገዝቱልኝ» አልኋቸው።

«ብገዝተው ይጥሰዋል፤ ሁለት ኃጢአት ይሆንበታል። ቀስ ብለን እናውርደው እንጂ» አሉና ወደ እሱ ዞሩ። «በል፣ ከእንግዲህ በቀን አንድ ፒፓ ብቻ። ከዚያ በላይ እንዳትለኩስ።»

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። እንዲያ ቶሎ መስማማቱን መጠርጠር ነበረብኝ። አባ ፒፓ አይተው አያውቁም። ለሳቸው አንድ ማለት አንድ ነው፤ እንደ አንድ ጧፍ፣ እንደ አንድ ስግደት። ለቶርኖ ሠራተኛ ግን አንድ ማለት ልኩ ገና ያልተነገረ ነገር ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከወይራ ጉቶ የቀረጸውን ይዞ መጣ። የዶሮ እንቁላል ቢገባበት ከነቅርፊቱ ይውጠዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንድ ፒፓ።»

«ይሄ ፒፓ ነው ሙቀጫ?»

«አባ ሙቀጫ ነው ካሉ እቀበላለሁ፤ አንቺን ግን የቄስ ልጅ ብትሆኚም አልሰማም።»

እራት ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ተነሥቶም ፒፓው አያልቅም። እውነቱን ለመናገር ጭሱ ክፉ አልነበረም። በሰፊ ሆድ እሳቱ ተንሰራፍቶ ዝግ ብሎ ስለሚነድ ጭሱ ምላስ ሳይፋጅ፣ ወፍራምና ቀዝቃዛ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን መሐሉ ሲነድ ዳር ዳሩ ይቀርና ይጠፋል፤ እንደገና ክብሪት። ክብሪት ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር። ወደ ታች ሲወርድ የታችኛው ትምባሆ በወዙ ርሶ ይመራል፤ እሱም እልኸኛ ነው፣ አይደፋውም። የሥራ ጓደኞቹ «ሁለተኛው የፋብሪካችን ጭስ ማውጫ» አሉት። ሳሉ ባሰበት።

አባ ሲመጡ ፒፓውን በሁለት እጄ አቀረብሁላቸው። አገላብጠው አዩት።

«ይህማ የዕጣን ጽና ነው! ሰንሰለቱ ብቻ ነው የቀረው» አሉ። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን ዘረጉ። «አፉ ከዚች እንዳይሰፋ።»

እንዳሉት አደረገ። አፉን በትንሽ ጣታቸው ልክ አጠበበ፤ ቁመቱን እንደ ጧፍ አረዘመው። በጠባብና ጥልቅ ሆድ ውስጥ ጭሱ ያን ሁሉ ትምባሆ አቋርጦ ነው የሚወርደው፤ እየከረረ መጥቶ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሥሩ ላይ ወዙ ተጠራቅሞ ይንኮራኮራል። እኔ ከጓዳ ሆኜ ሳዳምጥ የሰው ሆድ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር።

«ቁመቱም ከዚች ጣት አይለፍ» አሉ አባ ተመልሰው ሲመጡ።

ሦስተኛውን እንደ ገንቦ ሠራው። አፉ ጠባብ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጎኑ ግን የተነፋ። በዚያ ጠባብ አፍ ቆልማማ መሮ አስገብቶ ውስጡን ፈልፍሎታል። ኩራቱን ብታዩት! እሳት ግን አፈ ጠባብ ቤት አይወድም። የላዩ ሲነድ የጎኑ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ጭሱ ይኮመጥጣል። እንዳይጠፋበት አጥብቆ ሲስበው ሳሉ ያዘው፤ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ አልለቀቀውም። መውለጃዬ ተቃርቧል። ያን ቀን አልሳቅሁም።

«እሺ፣ አባን አሸነፍሃቸው፤ እኔንም አሸነፍኸኝ። ልጁንስ?» አልሁት።

ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ።

አባ ሦስተኛውን ሲያዩ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «እኔ ስለካ ብኖር ይህ ሰው ሲቀርጽ ይኖራል። በፈለግኸው ፒፓ አጭስ፤ በቀን አንዴ። የምትሞላልህ ግን እሷ ናት፤ የምታራግፈውም እሷ።»

«እሷማ ትሰስታለች፣ አባ!»

«እስከ ጠርዙ ትሞላለች። ሰምተሻል ልጄ? እስከ ጠርዙ።»

ያንን ሙቀጫውን መረጠ፤ ሌላ ምን ይመርጣል? እኔም በማግስቱ ውሃ ዳር ወርጄ የባቄላ ፍሬ የምታህል ግራጫ ጠጠር መረጥሁ። አጠብኋት፤ ሆዱ ሥር አስቀመጥኋት፤ ላይዋ ላይ ትምባሆውን እስከ ጠርዙ ሞላሁ። የአባን ቃል ከነነቁጡ ፈጸምሁ።

በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ መረመረው። ጉድለት አላገኘም። ለኮሰ። ደጋግሞ ሳበው።

«እጅሽ ምን አለው?» አለኝ በመጨረሻ። «እስከ ታች ደረቅ ነው እኮ። አይመርም፤ አይንኮራኮርም።»

ለካ ወዙ ከጠጠሯ ሥር ይቀራል፤ ትምባሆው አይነካውም። ትምባሆ ልሰርቀው ብዬ ጭሱን አሳምሬለት አረፍሁት!

«የቄስ ልጅ እጅ ነዋ» አልሁት።

ልጁ ተወለደ፤ ክርስትና ተነሣ። እኔም ጠጠሯን ቀስ በቀስ ተለቅ በምትል እለውጣት ነበር። ጥጡ ባይለቀውም ሳሉ ረገበ፤ ሳቁን ሳያቋርጥ መጨረስ ጀመረ።

ከዚያ ለአክስቴ ተዝካር ወደ ይፋግ ሄድሁ። ፒፓውን ሳላራግፍ፣ ጠጠሯን ሳላወጣ መሄዴ ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከባሕር ዳር ርቆ ነው። ጉዴ ፈላ አልሁ። ተዝካሩ ላይ ስለ አክስቴ ሳለቅስ ግማሹ ዕንባ ስለ ጠጠሯ ነበር።

ስመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያጨሳል።

«ማን ሞላልህ?»

«እኔው። አባን አስፈቅጄ።»

«ታዲያ እንዴት ሆነልህ?»

«እንደ እጅሽ አልሆነልኝም» አለ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

ፒፓውን ተቀብዬ ከቤቱ ጀርባ አራገፍሁት። ጠጠር ወደቀ። የኔዋ ግራጫ ነበረች፤ ይቺ ጥቁር ናት፤ ከኔዋም ትበልጣለች። ዙሪያዋ ተሞርዶ ለሆዱ ልክ እንድትሆን ተደርጋለች፤ ከሥሯ ለጭሱ መተላለፊያ ቀጭን ቦይ ተቆፍሮላታል። እንዲህ ያለ ሥራ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

አጥቤ ወደ ቦታዋ መለስኋት። እኔም አልጠየቅሁ፤ እሱም አልተናገረ፤ እስኪሞት ድረስ። ልጁን አሳድጎ፣ ድሮ፣ አርጅቶ ነው የሞተው።

አባ ግን በሕይወት ሳሉ በመጡ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «እስከ ጠርዙ ትሞላልሃለች?»

«ትሞላለች አባ» ይላል እሱ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «እንዲያውም ታትረፈርፈዋለች።»