አሥረኛው ትምህርት

ፎርሙን ስትሞላው በሕይወት ነበረች። ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ፤ ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር ሰው ሌላ ነገር ያስባልና።

ያን ጊዜ አገር አቀፍ ፈተና አሥረኛ ክፍል ላይም ነበረ። መመዝገቢያው ፎርም በእርሳስ የሚጠቆሩ ትንንሽ ክቦች የሞሉበት ወረቀት ነው። ከክቡ ከወጣ፣ ከተፋቀ ወይም ከተጨማደደ ማሽኑ አያነበውም እየተባለ ስንፈራ ከርመናል። የክፍላችን ኃላፊ መምህር ደግሞ ከእኛም በላይ ይፈሩ ነበር። እናም ፎርሙን በእጃችን ሳያስነኩን፣ የስድሳችንንም እንድትሞላ እጇ ለማይንቀጠቀጥ ለአንዲት ልጅ ሰጧት። ከጉኑኖ መጥታ ሶዶ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ዴስክ የምንጋራውም እኔና እሷ ነበርን። ሦስት ቀን ሙሉ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ቀርታ አጠቆረች። አንድም ክብ አላበላሸችም።

ለፋሲካ ቤተሰቦቿ ዘንድ እንደሄደች ትኩሳት ያዛት። በሳምንቱ መርዶዋ መጣ።

በሁለት አይሱዙ ተጭነን ለቅሶ ሄድን። ጉኑኖ፣ የለቅሶው ሜዳ ላይ፣ ሴቶቹ ዩኒፎርሟን በእንጨት ላይ ሰቅለው እየዞሩ ያለቅሱ ነበር። አንዷ ደብተሮቿን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ዩኒፎርሙ ንፋስ ሲገባበት ሆዱ ይሞላል፤ ንፋሱ ሲወጣ መልሶ ይከሳል። እኔም ያንኑ ዩኒፎርም ለብሼ ነበርና ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

ትምህርት ሲከፈት ኃላፊው መምህር የስም መጥሪያ ደብተራቸውን እንዳለ ይዘው ቀጠሉ። ዝርዝሩ ወደ ላይ ስለተላከ ቁጥር አይነካም አሉ። የእሷ ቁጥር ከእኔ ቁጥር በፊት ነው። በየጠዋቱ እሷን ይጠራሉ፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እሳቸውም ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ እኔን ይጠራሉ። አንዳንድ ቀን ረስተው ዘለዋት በቀጥታ እኔን ሲጠሩ ድምፄ አልወጣ ይለኝ ነበር። የእሷን ዝምታ ጠብቄ «አቤት» ማለት ለምጄ ነበር።

የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ለማረጋገጫ ተመልሶ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ሁሉም ሰው ዘጠኝ ትምህርት አለው። ሁለት ሰው ብቻ አሥር አለን፤ እሷና እኔ። አሥረኛው ወላይትኛ ነው።

እኔ የሶዶ ልጅ ብሆንም አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። ቅድመ አያቴ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ ከአማርኛ በቀር አይነገርም። ወላይትኛዬ የባጃጅና የገበያ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስና ለመሳደብ ይበቃል። ወላይትኛ አፍ የፈቱት የክፍሌ ልጆች እንኳ ፈተናውን «ምን ሊያደርግልን» ብለው ትተውታል። እኔ ደግሞ ፕሪፓራቶሪ ገብቼ ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ፣ ሒሳብ አንገቴን አንቆ ይዞኛል፣ ፈተናው የቀረው ሁለት ወር ነው። ተናደድኩ። ዝርዝሩን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

«ከተላከ ተልኳል» አሉኝ። «ለፈተናው ካልተቀመጥሽ ኤን ጂ ነው የሚመጣብሽ። ሰርተፊኬትሽ ላይ ውጤት የለውም ተብሎ ይጻፍልሻል። ለት/ቤቱም ጥሩ አይደለም።»

«እኔ መች መረጥኩ? ሙት ወቃሽ አያርገኝና፣ ተሳስታ ነው የሞላችብኝ።»

ሙት ወቃሽ አያርገኝና ያልኩት ከመውቀሴ በፊት ነው። ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ከዚያ በኋላ ወጥረው ያዙኝ። ኃላፊው መምህር በመተላለፊያው ባገኙኝ ቁጥር «ተቀመጪ» ይሉኛል። የወላይትኛው መምህር፣ ለጡረታ የተቃረቡ ሰው፣ ጓጉተው የራሳቸውን መጽሐፍ አምጥተው ዴስኬ ላይ አኖሩልኝ፤ እሷ ትቀመጥበት በነበረው በኩል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቤት ድረስ ደወለ። አባቴ ገሱባ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ሲመጣ ያግዘኛል ብዬ ስጠብቅ «ወረቀት አንዴ ከሄደ ሄደ ነው ልጄ» አለኝ። ሃያ ዓመት ወረቀት ሲልክ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይላል።

አሁን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር።

ተሳስታ አልነበረም። ፎርሙን በምትሞላበት በሁለተኛው ቀን፣ ጎደሬ በዳጣ ገዝቼ ገብቼ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየበላሁ ነበር። ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦ «ወላይትኛ የሚፈተን ጠፋ። የመጨረሻው ቀን ብቻዬን ነኝ ማለት ነው። ባዶ ክፍል እፈራለሁ። ላንቺም ልሙላልሽ?»

አፌ ሞልቶ ነበር። ዳጣው አቃጥሎኛል። «እሺ» አልኳት።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። እኔ ግን እሺ ያልኩት ሰው ሲያደርቀኝ እንደምለው፣ ነገሩ እንዲያልቅ ብዬ ነው። ማታውኑ ረሳሁት። እሷ አልረሳችም። ሁለት ጊዜ ሳትጠይቅ ክቡን አጠቆረች። ዝርዝሩ ሲመጣ ትዝ አለኝ። ግን ተሳስታ ነው አልኩ። የምትከራከረኝ የለችም።

አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ለአራተኛ ጊዜ አስጠርተውኝ ቢሮ ቆሜ ሳለ፣ ጥቁር ነጠላ ያጣፋች ሴት ገባች። የልጅቷ እናት ናት። ለፈተናው ምዝገባ ልጅቷ የሰጠችው ጉርድ ፎቶ ካለ ልትወስድ ነው የመጣችው፤ ቤት ውስጥ አንድም ፎቶ አልነበራቸውም። ርዕሰ መምህሩ ፎቶውን ከፋይል እየነቀሉ፣ ወሬ ለመሙላት ይሁን እኔን ለማባበል፣ «ልጅዎ ተሳስታ አንድ ትምህርት የጨመረችባት ልጅ ይቺ ናት» አሏት።

ሴትዮዋ ዞራ አየችኝ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ነው የምትለው።

«የኔ ልጅ አይሳሳትም» አለች።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ ያልቅ ነበር። አልተነፈስኩም። ሴትዮዋ ተጠግታ የእጄን አንጓ ያዘችኝ፤ እጇ በጣም ቀዝቃዛ ነው።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ።»

ፎቶውን መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወጣች። እኔም በዚያኑ ቀን እቀመጣለሁ አልኩ። ሁሉም ምክር ሰማች አሉኝ። እኔ ግን የሰማሁት ምክር አልነበረም፤ ያ እጅ ነው።

ከሒሳቤ ሰዓት ቆርሼ ወላይትኛ አጠናሁ። ሽማግሌው መምህር ከትምህርት በኋላ እኛው ዴስክ ላይ ያስጠኑኝ ነበር። እሳቸው ቆመው ነው የሚያስተምሩት። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ይቀመጡ እንጂ» ብዬ ጠጋ አልኩላቸው። ባዶውን ቦታ አይተው «ይሁን፣ ግዴለም» አሉ። ከዚያ ወዲህ እኔም ቦርሳዬን እዚያ ማስቀመጥ ተውኩ።

ፈተናው ሰኔ ላይ ደረሰ። ዘጠኙን ከሰው ጋር ተፈተንኩ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት የግቢው በር ላይ ከዘበኛው በቀር ማንም አልነበረም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ዳሞታ ጉም ለብሷል፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ሜዳውን፣ የባንዲራውን እንጨት፣ የቧንቧውን መስመር ሸፍኖታል። ክፍሉን ያገኘሁት በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል።

ክፍሉ ውስጥም የተዘጋጁት ሁለት ወንበሮች ናቸው፤ ፊትና ኋላ። የፊተኛው የእሷ ነው። ፈታኙ ከሌላ ዞን የመጣ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ነው፤ ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር የለም። የፈተናውን ፖስታ ቀደደና አንዱን ጥራዝ እኔ ፊት፣ ሌላውን እሷ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ከላዩ የመልስ ወረቀት፣ ከመልስ ወረቀቱ ጎን ኤች ቢ እርሳስ።

«ቲቸር፣ እሷ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እስከ ግማሽ ሰዓት ትጠበቃለች» አለኝ። «የተመዘገበ ሰው ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ደንብ ነው። አንቺ ጀምሪ።»

ጀመርኩ። የተሰበረው መስኮት ጉም ያስገባል። በንባቡ መሀል ሽቅብ ባየሁ ቁጥር ጀርባዋ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ፊቴ አለ፤ ከዚያ ቦታ ባሻገር ሰሌዳው አይታየኝም፤ በጉሙ ይሁን በሌላ አላውቅም። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሼ ስገልጥ የእሷም ጥራዝ ተገለጠ። ንፋስ ነው አልኩ። ሁለተኛውን ስገልጥ ሆን ብዬ ዘገየሁ። የእሷም ዘገየ። ፈራሁ ብል ውሸት አይሆንም፤ ግን ወጥቼ መሮጥ አላማረኝም። ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲሆን የሚፈራውን ፍርሃት አልፈራሁም። ብቻዬን አልነበርኩም።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ፈታኙ ተነስቶ ወረቀቷን፣ የመልስ ወረቀቷን፣ እርሳሷን ሰበሰበ። ጠረጴዛው ጋ ተመልሶ ስንት ተፈታኝ እንደተገኘ የሚጻፍበትን ቅጽ ሞላ። ከዚያ ቆም አለ፤ ላጲስ አውጥቶ ፋቀ።

«ይገርማል» አለ ለራሱ። «ተገኙ በሚለው ሁለት ብዬ ጽፌ።»

ያኔ ብቻ ክፍሉ ባዶ ሆነ። የቀረውን ሰዓት ጥርሴ እየተንገጫገጨ ጨረስኩት።

ጉኑኖ ለመሄድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ውጤት መጥቶ ነበር። ወላይትኛ ሲ፣ ሒሳብም እንደ ምንም ሲ፤ ፕሪፓራቶሪ አለፍኩ፤ የምፈራው ነገር ሁሉ አልፎ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሶዶ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ፤ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። እናትየው ደጃፍ ላይ እንሰት እየፋቀች ነበር። ጉርዱ ፎቶ ትልቅ ተደርጎ ታጥቦ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል፤ ለፈተና የተነሳችው ስለሆነ ፊቷ ጭምት ነው፤ ጆሮዎቿ ሁለቱም ይታያሉ።

ወላይትኛዬ አሁን ለስድብና ለዋጋ ብቻ አልነበረም። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁትን በእሷው ቋንቋ ነገርኳት። ልጅሽ አልተሳሳተችም አልኳት። ጠይቃኝ ነበር። እኔም እሺ ብያት ነበር። ከዚያ ዋሸሁ፤ ስሟን አጠፋሁ፤ ይቅር በይኝ።

እንሰቱን መፋቋን አላቆመችም። በቋንቋዋ ስትናገር ድምፅዋ ቢሮ ውስጥ ከሰማሁት ድምፅ ሌላ ነው፤ ረጋ ያለና ሙሉ ነው።

«አውቃለሁ» አለች። «ፎርሙን በሞላችበት ሳምንት፣ እሑድ መጥታ ነግራኛለች። 'እማዬ፣ የመጨረሻው ቀን ብቻዬን አይደለሁም፤ ጓደኛዬ እሺ ብላኛለች' አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳላት። ፎቶውን ልወስድ ስመጣ አንቺን ላይሽ ጭምር ነበር የመጣሁት።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ ቢሮ ውስጥ እንዳደረገችው የእጄን አንጓ ያዘችኝ፤ አሁንም እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«ተቀመጥሽ አይደል?» አለችኝ።

«ተቀመጥኩ።»

ወደ ፎቶው አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው።

«እሷስ? አብራሽ ተቀመጠች?»

ላጲሱን አሰብኩ። ሁለተኛውን ገጽ አሰብኩ።

«አዎ» አልኳት። «ለግማሽ ሰዓት።»