ገና ለዘሃራ ማክሰኞ ነበር

መጠጥ ያሸነፈው ሰው በገና ሰሞን «አስገቡኝ፣ ልታከም» ብሎ ሲመጣ ከደጅ ይመለስ ነበር። ይህ በደል ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁና ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ሥራ የጀመርኩት በረሃቡ ዘመን ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ከጸበሉ በላይ፣ ለተራቡት ረዥም የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንድ ማሰሮ አጥሚትና ጣሳ አስይዘው ከወግዲ በኩል የመጡ ሰዎች መሐል አቆሙኝ። አንዲት እናት ጠጥታ ጣሳውን ስትመልስልኝ፣ እንዳገሬ ወግ «በሞቴ ድገሚ» አልኳት። ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ። የተራበ አንጀት በትንሽ በትንሹ ካልሆነ አይችልም፣ እዚህ ቤት «በሞቴ» አይባልም አለችኝ።

አብዮቱ መጣ፤ ዝናቡም ተመለሰ፤ ሰዉ ወደ እርሻው ሄደ። ቤቱ የጸበል ሕመምተኞች ማደሪያ ሆነ። የበላያችን አለቃ ደምሴ ናቸው፤ ቀጥሎ አጥማቂው፤ ከዚያ እኛ አስታማሚዎች። ከሚመጣው የሚበዛው አረቄ የጣለው ነው። በባዶ ሆዱ ጸበል እናጠጣዋለን፤ ያስመልሰዋል፤ ጋቢ እናለብሰዋለን፤ ቆሎና ቀጭን ሽሮ እንሰጠዋለን። እጁ ሲንቀጠቀጥ ቅሉን አብረን እንይዝለታለን። መንቀጥቀጡ እስኪለቀው ብቻውን አይተውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከገና እስከ ጥምቀት ይዘጋ ነበር። አስታማሚውም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

አንድ ዓመት ገና ሲቃረብ ጌጡ መጣ፤ የከተማው ልብስ ሰፊ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ጉበትህ አልቋል፤ ካላቆምክ ፋሲካን አታያትም» ብሎታል። ከበሩ ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ።

«እቴ ይመኙሻል» ብሎ በስሜ ጠራኝ፤ «በገና በየደጁ በሞቴ ይሉኛል» አለኝ። «እምቢ ብል ሰው ጠል እባላለሁ፤ እሺ ብል ሟቹ እኔ ነኝ።»

አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ክርስቲያን በገና ከቤተሰቡ ጋር ይዋል፣ ከጥምቀት በኋላ ይምጣ አሉኝ። በረሃቡ ጊዜ በበዓል ዘግተን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያ ረሃብ ነው።»

«ይኼስ?»

«ይኼማ ጥጋብ ነው።»

በጣም ተናደድኩ። ነገሩን ለዘሃራ ነገርኳት። ዘሃራ እስላም ጎረቤቴ ናት፤ በረሃቡም አብራኝ አጥሚት ስታድል ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ አብራኝ አለቃ ዘንድ መጣች። አለቃ ሲያዩን ሁለት ሆናችሁ ልትዳኙኝ ነው ወይ አሉ፤ ደግሞስ በገና ቀን ማን ይጠብቀዋል?

«እኔ ነኛ» አለች ዘሃራ። «አለቃ፣ ገና ለናንተ ነው እንጂ ለእኔ ማክሰኞ ነው።»

አለቃ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ግን እሺ አላሉም፤ ለዚህ ዓመት ብቻ እንዳላየ አልፋለሁ አሉ። ጌጡን አስገባነው።

የገና ዕለት እኔ በጠዋት ጸበሉን አጠጣሁትና ልጆቼ ዘንድ ሄድኩ። ቀኑን ዘሃራ ያዘችው። ስመለስ ጭቅጭቅ ሰማሁ። የጌጡ ክርስትና እናት ጠላ በነጠላቸው ሸፍነው መጥተው ኖሯል።

«በሞቴ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ» ይላሉ።

«እማማ፣ አላህ ያቆይዎት» አለች ዘሃራ። «ከሞቱም አልቅሰን እንቀብርዎታለን። እሱ ግን አይጠጣም።»

አሮጊቷ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጠላውን ራሳቸው ጠጡና ጌጡን ግንባሩን ስመው ሄዱ። እሱም ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሲስቅ አየሁት።

ጥምቀት ሲቃረብ ጌጡ መርፌና ክር አምጡልኝ አለ። ክሩን አራሰ፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ በአንድ ጊዜ አስገባው። እልል አልኩ። መጀመሪያ የሰፋው የዘሃራን ቀሚስ ጫፍ ነው። እሷ ግን ስፌትህ ጠሟል እያለች አበሸቀችው፤ በዓረፋ እኔ በተራዬ ሥራዋን ስይዝላትም ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ወደ ሶላት ሄደች።

በዓመቱ ገና ሲቃረብ አንዲት ሴት ከአጅባር መጣች፤ ጠላ ሻጭ ናት፤ የራሷ ጠላ ያሸነፋት። እንደ ዓምናው ለመሟገት ተዘጋጅቼ አለቃ ዘንድ ሄድኩ።

ልነግራቸው ያሰብኩት ከሥራዬ የተማርኩትን ነበር፤ ሱስ የያዘው ሰው ልታከም ያለበት ቀን ያልፋል፤ ያን ቀን ካላስገባኸው ተመልሶ አይመጣም።

አለቃ አፌን ሳልከፍት መለሱልኝ።

«አውቃለሁ፣ ጌጡን አይቻለሁ፤ ጥጋብ አይደለም፤ ሕመም ነው። በዓልም ቢሆን ትግባ።»