ጥሬ ቆዳ የለበሱ መጻሕፍት

አንሙት ብራና ሠሪ ነበር። የፍየል ቆዳ ይነክራል፤ በእንጨት ላይ ይወጥራል፤ ጠጉሩንና ሥጋውን ይፍቃል፤ በድንጋይ ፈትጎ ያለሰልሳል። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ባለችው በአስታ ኪዳነ ምሕረት የሚነበቡትን መጻሕፍት ብራና ወይ እሱ ወይ አባቱ ሠርተውታል፤ ከትልቁ ወንጌል በቀር። ትልቁን ወንጌል ማን እንደሠራው የሚያውቅ ሰው የለም። ሥዕል አለው። የወንጌላውያኑ ዓይን ከየትም ቢቆሙ ያያል ይባላል።

በዓመት አንድ ጊዜ አንሙት ወንጌሉን ከማኅደሩ አውጥቶ ስፌቱን ያያል፤ የላላ ካለ ያጠብቃል። የዚያን ቀን ቤቱ ገብቶ አያወራም። ሚስቱ የብርጓል ለምዳዋለች። "ዛሬ ወንጌል አይቷል፤ ተዉት" ትላለች።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበው ነበር። ከወንዝ ማዶ ቆዳ አልፊዎች አሉ። አገሬው አቅማዳና ጠፍር ከነሱ ይገዛል፤ ከነሱ ጋር ግን አይበላም፤ አይጋባም። አንሙትም ቆዳ ስለሚነካ ሰው ከነሱ ይደምረዋል። ይልቁንም ጎረቤቱ እንዳላማው። እንዳላማው በሬው የሰባ፣ ምላሱ የሰላ ገበሬ ነው። ሰንበቴ ላይ አንሙት ጽዋ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ፣

"ማዶ ያሉት ዘመዶችህ ደኅና ናቸው?" ይለዋል።

ሰው ይስቃል። አንሙትም አብሮ ይስቃል። ነገር ግን በዕድሜው ሙሉ ወንዙን አልተሻገረም። አቅማዳ ሲያልቅበት የብርጓልን ገበያ ይልካታል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በፊት፣ አንድ መኮንን ባስተርጓሚ ወደ አስታ መጣ። ወታደርነቱ ለስሙ ነው፤ ሥራው ፍርስራሽ ማየት ነበር። በየደብሩ እየዞረ የጥንት ግንብ ይለካል፤ የተቀረጸ ድንጋይ ያስቆፍራል፤ ፎቶግራፍ ያነሳል። አገሬው ፍርስራሽ ለቃሚው ብሎ ስም አውጥቶለታል። ትልቁን ወንጌል አስወጥቶ ከፀሐይ አስቀምጦ አየው። ቅጠሉን የሚገልጠው በጥንቃቄ ነበር። አንሙት ይህን አልወደደለትም፤ ወንጌሉን ቢያዋርደው ይሻለው ነበር።

አስተርጓሚው ተናገረ። "ይህ መጽሐፍ እዚህ ይበላሻል ይላሉ። ከፋሲካ በኋላ መኪና ልከው ያስወስዱታል። ሌሎቹንም። በደኅና ቦታ ይቀመጣል።"

"የት?" አሉ ገበዙ፣ ቄስ ገብረ ኪዳን።

አስተርጓሚው ጠየቀና መለሰ። "በባሕር ማዶ።"

"እዚያ ማን ያነበዋል?"

ይህን አስተርጓሚው አልተረጎመም።

ፋሲካ አለፈ። ቄስ ገብረ ኪዳን አንሙትንና እንዳላማውን ጠሩ። መጻሕፍቱን ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ሊሸሽጉ አስበዋል። ከሦስታችን ሌላ ማንም እንዳያውቅ አሉ። እንዳላማው ከባዱን ይሸከማል፤ አንሙት ያሽጋል።

"በምን ታሽገዋለህ?" አሉት።

የፋሲካ ሰሞን ነውና የታረደ በሬ ቆዳ በየቤቱ አለ። እንዳላማው የራሱን ይዞ መጥቷል፤ ገና እርጥብ ነው።

"ይሄ ይበቃል፣ ወይስ የለፋ ቆዳ እንፈልግ?" አሉ ቄሱ። "ጥበቡ ያንተ ነው፤ አንተ ያልከውን ነው የማደርገው።"

አንሙት መልሱን ያውቀዋል። የለፋ ቆዳ ውሃ አይገባውም። ማዶ ያለው ማሬ የሚባለው ቆዳ አልፊ ዘንድ ሞልቷል፤ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

"የለፋ ከተባለማ ማሬ አለ" አለ እንዳላማው ቄሱን እያየ። "አንሙትም ዘመዶቹን ከጠየቀ ቆይቷል።"

ቄሱ አልሳቁም። አንሙትም በዚያን ቀን መሳቅ አልቻለም።

"ይበቃል" አለ። "ጥሬ ቆዳ በእርጥቡ ተሰፍቶ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ነው። ክረምቱን እንደሆነ ጣሊያን አያልፈውም።"

ጣሊያን ክረምቱን አያልፍም የሚለውን ነገር ሁሉም ይለው ነበር። አንሙትም ስለተባለ አለ።

ሮብ ቀን፣ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወርድ፣ መጻሕፍቱን ከነማኅደራቸው በቆዳ ጠቅልሎ በጅማት ሰፋቸው። ተሸክመው ወረዱ። ዋሻው ደረቅ ነበር። አፉን በድንጋይ ዘጉና ቆሙ። ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን አወጡ።

"በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ። ጠላት ከአገር ሳይወጣ ይህን ቦታ የተናገረ፣ የቀረበ፣ የነካ፣ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን። እኔም ብሆን።"

"አሜን" አሉ ሁለቱ።

ፍርስራሽ ለቃሚው መኪናውን ይዞ መጣ። ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው። ቄስ ገብረ ኪዳንን ጠየቃቸው፤ ዝም አሉ። እሱ ተቆጥቶ ተመለሰና በማግስቱ ሌሎች መጡ፤ እነዚያ ፍርስራሽ የሚያዩ አይደሉም። ቄሱን ከደጀ ሰላሙ ፊት አቁመው ገደሏቸው። ሬሳቸውን አንሙትና እንዳላማው አነሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳላማው ሰንበቴ ላይ መቀለድ ተወ።

ሰኔ ገባ። ጮቄ ላይ ዝናብ ሲጀምር እንደ ቆላው አይደለም፤ ጉሙ ከቤት ይገባል። አንሙት ከእንዳላማው በሬ ቆዳ የተረፈውን ቁራጭ የዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ደፍቶት ነበር። ዝናብ እስኪገባ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር የቆየው። አንድ ጠዋት የብርጓል ጠራችው።

"ይህን ነገር አንሣልኝ። ሸተተ።"

ሄዶ ነካው። ጣቱ ሰመጠ። ቆዳው አብጦ፣ ተዝለግልጎ፣ ትል ይዟል። ቆጡ ጣራ አለው። ዝናብ አልነካውም። ያበላሸው ጉሙ ብቻ ነው።

አንሙት ከቆጡ አጠገብ ተቀመጠ። ብራናም ያልለፋ ቆዳ ነው። አንዱ ቆዳ ሲበሰብስ ሌላውን ይዞት ይሄዳል።

"ምነው?" አለችው።

"ምንም።"

"ፊትህ እንደሱ አይልም።"

"የብርጓል፣ ተገዝቻለሁ።"

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። የተገዘተን ሰው መጠየቅ አብሮ መገዘት ነው።

እንዳላማው ዘንድ ሄደ። እንዳላማው ማረሻ ሲያቃና ነበር።

"እንክፈተውና ልቀይረው" አለ አንሙት።

"ይህን አላልክም፤ እኔም አልሰማሁም።"

"እየበሰበሰ ነው።"

"አንተ አይደለህ ይበቃል ያልከው?" እንዳላማው ቀና አላለም። "ሰውየው አፋቸውን ዘግተው ሞቱ። እኔ ሕያው ሆኜ ቃላቸውን አላፈርስም። እዚያ ብትሄድ አላየሁህም፤ ከሄድክ በኋላ ግን ደጄን አትርገጥ።"

ግዝትን የሚፈታው የገዘተው ነው። ገዛቹ ከሞተ ደግሞ ሥልጣን ያለው ሌላ ካህን ይፈታል ሲባል ሰምቷል። ጭቃውን እየረገጠ ደብረ ማርቆስ ወረደ። የሩቅ ዘመዱ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ካህን አሉ፤ ቄስ ፈንታ ይባላሉ። ቤታቸው ከጣሊያን ዕቃ ግምጃ ቤት አጠገብ ነው። የግምጃ ቤቱ በር ተከፍቶ አንሙት ወደ ውስጥ አየ። ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርድሯል። የአንዱ ሣጥን ክዳን ገና በሚስማር አልተመታም፤ በጭድ መካከል የመጽሐፍ ማኅደር ይታያል። የአንዱ ደብር ነው። ጭዱ ደረቅ ነው። ማኅደሩም ደረቅ ነው። አንሙት ዓይኑን መንቀል አቃተው፤ ዘበኛው እስኪገፋው ድረስ ቆመ።

"ይፍቱኝ፣ አባቴ" አላቸው ቄስ ፈንታን።

"ከምን?"

"ከግዝት።"

"የምን ግዝት?"

"አልናገርም። መናገሩንም ነው የተገዘትኩት።"

"ልጄ፣ ያላወቅሁትን እንዴት እፈታለሁ? ማንን ገድለህ እንደሆነ፣ ማንን ልትገድል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

"ሰው አይደለም።"

"ታዲያ ተናገር።"

አንሙት ግድግዳውን አየ። ከግድግዳው ማዶ ያ ግምጃ ቤት አለ። ሽማግሌው ሰው አይሸጡም ይሆናል። ይሆናል ብሎ ግን ቄስ ገብረ ኪዳን የሞቱበትን ነገር አያወጣም። እጃቸውን ስሞ ወጣ።

ሐምሌ አለፈ። ነሐሴም አለፈ። ጣሊያን ክረምቱን አለፈ። አንሙት ቆዳ መንከር አቆመ። ሌሊት አይተኛም፤ ቀን አይሠራም። መስቀል ሲጠባ አንድ ጠዋት ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረ።

ማሬ ደጁ ላይ ቆዳ እያሸ ነበር። አጭር፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ቀና ብሎ አየው። መቀመጫ የሚሆን የእንጨት ዱካ በእግሩ ጎተተና ወደሱ ገፋ አደረገ። አንሙት አልተቀመጠም።

"ትልልቅ የለፋ ቆዳ እፈልጋለሁ" አለ።

"አዘጋጅቼ ነበር" አለ ማሬ።

"ለማን?"

"ለእናንተ። መጻሕፍቱን እንደሸሸጋችሁ አገር ያውቃል። ጣሊያን ሊወስዳቸው ነው ሲባል ሰምቼ፣ በፋሲካ ሰሞን ይመጣሉ ብዬ አራት ቆዳ ለይቼ ጠበቅሁ። አልመጣችሁም። ከሌላ ገዙ ብዬ ሸጥኩት።" ቆዳውን ማሸቱን ቀጠለ። "ባንዳዎቹ እዚህም መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ምን ይዤ እነግራቸዋለሁ?"

አንሙት ያን ጊዜ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

ማሬ ከጓዳ ያለውን ቆዳ አውጥቶ ሰጠው። እንጀራ ቀርቦለት አንሙት አብሮት በላ። ማንም አላየውም። ቢታይም ከእንግዲህ ለውጥ አልነበረውም።

በማግስቱ ብቻውን ወደ ዋሻው ወረደ። ከድንጋዩ ፊት አማተበ፤ ከዚያ አነሣው። ሽታው ቀድሞ መጣ። ጥሬው ቆዳ እንደ ረጠበ ሊጥ በእጁ ተበጠሰ። ማኅደሮቹ ከውስጣቸው ካለው ጋር ተጣብቀዋል። ትንንሾቹን ሞከረ፤ አንድም ቅጠል አልገለጥ አለ። ትልቁን ወንጌል በመጨረሻ አነሣ። የሽፋኑ የዋንዛ እንጨት ገበታ ደኅና ነው። በሁለቱ ገበታዎች መካከል ያለው ግን መጽሐፍ አልነበረም። ብራናው ቀልጦ፣ እርስ በርሱ ተጋግሮ፣ ሙጫ ሆኗል። በምላጭ ጫፍ አንድ ቅጠል ሊለይ ሞከረ። ከላዩ ላይ የተነሣው ቀለም ከምላጩ ጋር መጣ፤ ቀይ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ ዓይን። ያም በአውራ ጣቱ ላይ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ እስኪሆን እዚያው ነበር። ከዚያ ሌላ የሚያውቀው ሥራ ስላልነበረ ሙጫውን ከነገበታው በማሬ ቆዳ ጠቀለለ። ጥሩ አድርጎ ሰፋው። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም። ድንጋዩን መልሶ ወጣ።

ለማንም አልተናገረም። አገሬው በችግሩ ሁሉ "መጻሕፍታችን ተርፈዋል" ይል ነበር። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ ልጅ ሲሞት ይህን ይላል። አንሙት ይህ ከሚባልበት ተቀምጦ ይሰማል።

ከዓመታት በኋላ ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወጣ፤ ጊዜው ከፋሲካ በፊት ነበር። ትንሣኤውን አሳልፈው ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ከበሮ ይዘው፣ ሕዝቡ ተከትሎ በእንዳላማው መሪነት ወደ ገደሉ ወረዱ። አንሙትም ሄደ። መቅረት አልቻለም። የብርጓል ከጎኑ ነበረች።

እንዳላማው ድንጋዩን አንሥቶ ትልቁን ጥቅል አወጣና ቆመ። ቆዳውን ዳበሰው። የለፋ ነው።

"ይሄ የኔ በሬ ቆዳ አይደለም" አለ።

ከበሮው ቆመ።

"ስፌቱ የማን ነው?" አለ። ስፌቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

"የኔ ነው" አለ አንሙት።

"መቼ ሰፋኸው?"

"የዚያኑ ዓመት፣ በመስቀል።"

እንዳላማው ጅማቱን በጩቤ በጠሰው። ካህናቱ ቀርበው አዩ። አንዲት ሴት እንደ ለቅሶ ጮኸች፤ ከዚያ ሁሉም።

"ግዝቱን አፍርሶ ነው" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። "ባይነካው ይኖር ነበር።" ነገሩ በአንድ አፍታ ከሰው ወደ ሰው ዞረ፤ እውነትም ሆነ።

የብርጓል ቆጡ ላይ የበሰበሰው ቆዳ ትዝ ብሏት ክንዱን ያዘች። "አንተ፣ ንገራቸው" አለች ቀስ ብላ። "ቀድሞ ጠፍቶ ነው ያገኘሁት በላቸው።"

አንሙት እንዳላማውን አየው። እንዳላማው ቆዳው የተመረጠ ቀን ምን እንዳለ አላስታወሰም፤ ገበታውን ታቅፎ እያለቀሰ ነበር። ቀድሞ ጠፍቶ ነበር ቢል፣ በምን ጠፋ ይሉታል። በጥሬ ቆዳ ይላል። ማን ይበቃል አለ ይሉታል። ግዝት ያፈረሰ ሰው ቀኖና ይቀበላል፤ ጾም አለው፣ ስግደት አለው፣ ማለቂያ አለው። ይበቃል ላለ ሰው ግን ማንም የሚያዘው ቀኖና የለም።

"አፍርሻለሁ" አለ።

ለሰባት ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ውጭ እንዲቆም ተፈረደበት። ሁለቱን ገበታዎች በግምጃ ጨርቅ ጠቅልለው መልሰው ወሰዷቸው፤ ከበሮው ግን አልተመታም። አንሙት ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ከዋሻው ወለል የማሬን ቆዳ አነሣ። አሁንም ደረቅ ነበር።